ሁለቱንም አድራሻ የሚቀበል ፕሮግራም ጻፉ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በመንዝ ሆናችሁ የሶፍትዌር ሙያን ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

በኔትወርክ የሚገናኝ ፕሮግራም ስትጽፉ፣ አሮጌውንም አዲሱንም የኢንተርኔት አድራሻ እንዲቀበል አድርጋችሁ ከመሠረቱ እንድትሠሩት አደራ እላችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተደነገገው አሮጌው አድራሻ፣ አይፒቪ4 (IPv4)፣ ባለ 32 ቢት በመሆኑ ከ4.3 ቢሊዮን ያነሰ አድራሻ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ማዕከላዊው ክምችትም እ.ኤ.አ. በ2011 ተሟጥጧል። አዲሱ፣ ባለ 128 ቢቱ አይፒቪ6 (IPv6)፣ ይህን ችግር ቢፈታም ሁለቱ በቀጥታ ስለማይግባቡ፣ አንዱን ብቻ የመረጠ ባለሙያ ከተጠቃሚው ከፊሉን ደጅ ያስቀራል።

ብዙው ጥፋት የሚመጣው አድራሻን እንደ ተራ ጽሑፍ ከመቁጠር ነው። በጀማሪዎች ኮድ ውስጥ ደጋግሜ የማየው፣ አድራሻውንና የፖርት ቁጥሩን (በአንድ ኮምፒውተር ላይ የትኛው አገልግሎት እንደተፈለገ የሚለየውን ቁጥር) «:» ምልክት ላይ ቆርጦ መለየትን ነው። ይህ ለ127.0.0.1:8080 ይሠራል። በራሱ «:» ያለበት የአይፒቪ6 አድራሻ ::1 ከፖርቱ ጋር ::1:8080 ተብሎ ሲጻፍ ግን 8080 ፖርት ይሁን የአድራሻው ክፍል መለየት አይቻልም፤ እንዲያውም እንዳለ ቢነበብ ራሱን የቻለ ሌላ አድራሻ ነው። [::1]:8080 ተብሎ በቅንፍ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ዳታቤዝ ላይ ለአድራሻ 15 ፊደል ብቻ መመደብም እንዲሁ ነው፤ አይፒቪ6 በተለመደው አጻጻፉ እስከ 39 ፊደል ይደርሳልና ተቆርጦ ይቀመጣል፣ ወይም ጨርሶ አይመዘገብም።

ከሰርቨር ጋር ስትገናኙ ስሙን፣ ስምን ወደ አድራሻ ለሚቀይረው ለጌትአድርኢንፎ (getaddrinfo) ፋንክሽን ስጡና የሚመልስላችሁን የአድራሻ ዝርዝር በሙሉ ሞክሩ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሚጠብቅ ፕሮግራም የአይፒቪ6 መንገድ ሲሰናከል ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ስልኳን ይዛ የምትጠብቅ ደንበኛም «ኔትወርክ የለም» ብላ ትተወዋለች። ሌላው መንገድ ግን ክፍት ነበር፤ የሞከረው ግን የለም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ መፍትሔው በእጃችን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው «ሃፒ አይቦልስ» (Happy Eyeballs) የተባለው ደንብ፣ የመጀመሪያው ሙከራ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይቶ ካልተሳካ ሳይተዉት ቀጣዩን መጀመርን ይመክራል።

በሰርቨር በኩል ደግሞ አንድ የአይፒቪ6 ሶኬት (ፕሮግራሙ ግንኙነት የሚቀበልበት በር) የአይፒቪ4 ጥሪን መቀበል አለመቀበሉ በሊኑክስና በዊንዶውስ ስለሚለያይ፣ ምርጫውን ለሲስተሙ ሳትተዉ በኮዳችሁ በግልጽ ወስኑ። እንዲህ ባለው ሶኬት የገባ የአይፒቪ4 አድራሻ በአይፒቪ6 መልክ ተጠቅልሎ ስለሚታይ፣ በአሮጌው አጻጻፍ ብቻ የተዘጋጀ የእገዳ ዝርዝር ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ ከማወዳደራችሁ በፊት ወደ አንድ ዓይነት መልሱት። ሥራውን ከማስረከባችሁ በፊትም አንዴ አይፒቪ4ን፣ አንዴ አይፒቪ6ን ዘግታችሁ ፈትሹት።