«ቤን»፣ «ቤኒ» ወይስ «ቤንጋ»?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ እሠራለሁ። አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ስለሆኑ ቅዳሜ ጠዋት ስፓኒሽ መማር ጀምሬአለሁ። አስተማሪያችን ሰው ለመጥራት «ቤን» እንደሚባል ነግራናለች፤ ኩሽና ውስጥ የምሰማው ግን «ቤኒ» የሚል ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በዕድሜ ከእናቴ የሚስተካከሉ አንዲት ባልደረባችንን «ቤን» ብዬ ስጠራቸው፣ አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ ቀስ ብላ «ቤንጋ በያቸው» አለችኝ። ለአንድ «ና» ሦስት ቃል ለምን አስፈለገ? የትኛውንስ ልያዝ?

መልስ፦ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም የወጡት «ቤኒር»፣ ማለትም መምጣት ከሚለው ግስ ነው። ቃሉ ሲጻፍ በላቲኑ «ቪ» ቢጀምርም ተናጋሪዎቹ የሚያሰሙት የእኛን «በ» ስለሆነ እኛም እንደሚሰማው ጽፈነዋል።

ስፓኒሽ የቅርብ ሰውን ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ «እሱ ይበላል»፣ «እሱ ይናገራል» የሚለውን የአሁን ጊዜ ቅርጽ እንዳለ ይወስዳል። በዚህ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ «ይመጣል» ከሚለው «ብዬኔ» ተወስዶ ትእዛዙም «ብዬኔ» በሆነ ነበር፤ ነገር ግን «ቤኒር» ከሥርዓቱ ወጥቶ «ቤን» ብሎ ያጥራል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ወጣ» ብለን «ውጣ»፣ «ሄደ» ብለን «ሂድ» እንላለን፤ «መጣ» ብለን ግን «ምጣ» አንልም፣ «ና» እንላለን እንጂ። በሁለቱም ቋንቋዎች ከሥርዓት የወጣው ይኸው ሰው የመጥራት ቃል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መመሳሰሉ በዚህ አያበቃም። «ና» የምንለው ስንጠራ ብቻ ነው፤ ስንከለክል «አትና» የሚል ቃል ስለሌለን ወደ ዋናው ግስ ተመልሰን «አትምጣ» እንላለን፣ ስናከብርም «ይምጡ» እንላለን። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው፦ «ቤን» የሚኖረው ለቅርብ ሰው በሚሰጥ የአዎንታ ትእዛዝ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ክልከላው «ኖ ቤንጋስ»፣ የአክብሮቱ ደግሞ «ቤንጋ» ነው። እኛ «ይምጡ» ስንል ፊት ለፊታችን ያለውን ሰው በሦስተኛ መደብ ቅርጽ እንደምናዘው ሁሉ፣ «ቤንጋ»ም በመሠረቱ «እሱ ይምጣ»፣ «እሷ ትምጣ» የሚል የሦስተኛ መደብ ቅርጽ ነው። «እርስዎ» ማለት የሆነው «ኡስቴድ» የተገኘው «ቡኤስትራ ሜርሴድ» ከሚል የጥንት የማዕረግ አጠራር ስለሆነ፣ ሰውየውን ሳይሆን ማዕረጉን እንደማነጋገር ነበር። ስለዚህ ጓደኛዎ ያረመችዎት ሰዋስውን ሳይሆን አክብሮትን ነው፤ እኛም ቤት የእናት እኩያን «ነይ» የሚል ሰው ይታረማል።

«ቤንጋ»ን በቃል ማጥናት አያስፈልግም። «እመጣለሁ» የሚለውን «ቤንጎ» ይውሰዱ፣ መጨረሻውን «ጎ» ወደ «ጋ» ይለውጡ። «ዲጎ» (እላለሁ) «ዲጋ»፣ «ፖንጎ» (አስቀምጣለሁ) «ፖንጋ»፣ «ሳልጎ» (እወጣለሁ) «ሳልጋ» ይሆናል። ለብዙ ሰዎች «ን» ይጨመርበታል፦ «ቤንጋን»። የእነዚህ ግሶች የቅርብ ሰው ትእዛዝ ግን እንደ «ቤን» አጭር ነው፦ «ዲ»፣ «ፖን»፣ «ሳል»።

አሁን ወደ «ቤኒ» እንምጣ። በኤል ሳልቫዶር ጓደኛ ከጓደኛው ጋር ሲነጋገር «አንተ» ለማለት በብዛት የሚጠቀመው አስተማሪዎ ባስተማረችዎ «ቱ» ሳይሆን «ቦስ» በሚለው ቃል ነው፤ ለ«ቦስ» ደግሞ የራሱ ትእዛዝ አለው። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፦ «ቤኒር» ከሚለው የመጨረሻውን «ር» ይጣሉ፣ ድምፅዎንም በመጨረሻው «ኒ» ላይ ያጽኑ። «ፖኔር» «ፖኔ»፣ «ዴሲር» «ዴሲ»፣ «ሳሊር» «ሳሊ» ይላል፤ በ«ቱ» በኩል ከሥርዓት የወጡት ግሶች ሁሉ በዚህ መንገድ ሥርዓት ይይዛሉ። የሚያፈነግጠው «ኢር» (መሄድ) ብቻ ሲሆን በእሱ ምትክ «አንዳ» ይባላል። «ቤኒ»ን የተበላሸ ስፓኒሽ አድርገው የሚያጣጥሉ ሰዎች ካጋጠሙዎት አይስሟቸው፤ ሙሉ ሕግ ያለው አነጋገር ነው።

እንግዲህ ለእኩዮችዎ «ቤኒ»፣ ለታላላቆችና ለማያውቋቸው ሰዎች «ቤንጋ» ይበሉ፤ «ቤን»ን ለትምህርት ቤትዎ ይያዙት፣ በየትም አገር ይገባልዎታል። «ና» እና «ነይ» ብሎ መለየትም የለም፣ ለወንድም ለሴትም ቃሉ አንድ ነው።

ኩሽና ውስጥ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። «እዚህ ያስቀምጡት» ለማለት «ፖንጋሎ አኪ» ይባላል፤ «ሎ» እንደ እኛ «ት» ከግሱ ጫፍ ተለጥፋለች። ሲከለክሉ ግን ወደ ፊት ትቀድማለች፦ «ኖ ሎ ፖንጋ»። እኛ «አያስቀምጡት» ስንል «ት»ን ከቦታዋ ስለማናነቃንቃት አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ላይ ደጋግሞ ይሳሳታል።

እርስዎም ተጠርተው ሲመልሱ ይጠንቀቁ። እኛ «መጣሁ» ስለምንል አፍዎ ወደ «ቤንጎ» ሊሄድ ይችላል፤ እነሱ ግን ወደ ጠሪው የሚሄዱበትን «መሄድ» በሚለው ግስ ስለሚናገሩ ድስቱን እንዳማሰሉ «ያ ቦይ!» ይበሏቸው።