በራሴ ዘፈን ላይ ዩቲዩብ የኮፒራይት ክሌይም (የባለቤትነት ጥያቄ) መጣብኝ ላልከው

መጀመሪያ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተህ ክሌይም ያደረገውን ስም እይ። ዘፈንህን ወደ ስፖቲፋይ የጫነልህ አከፋፋይ ከሆነ ኮንቴንት አይዲ (የተመዘገበ ድምፅ ቪዲዮ ላይ ሲያገኝ በራሱ ክሌይም የሚያደርገው የዩቲዩብ ሲስተም) አብሮ ተከፍቷል ማለት ነው። ሲስተሙ ድምፁን እንጂ ባለቤቱን አያውቅም።

ዲስፒዩት (ተቃውሞ) አትበል፤ መልሱ እስከ 30 ቀን ሊፈጅ ይችላል። «ዩሲ» (UC) ብሎ የሚጀምረውን የቻናል መለያህን ለአከፋፋዩ ልከህ ቻናልህን ከክሌይም ነጻ እንዲያደርግልህ ጠይቅ። ስትራይክ (ቻናል ሊያዘጋ የሚችል ቅጣት) ስላልሆነ አትደንግጥ፣ ቪዲዮውንም አታጥፋ፤ ቪው እና ኮሜንቱ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አጣራ፦ ቢቱን (የዘፈኑን ሙዚቃ) ለብዙ ሰው ከሚሸጥ ሳይት ከገዛኸው ኮንቴንት አይዲውን አሁኑኑ አዘጋው። አለበለዚያ ያንኑ ቢት የገዛ ሌላ ዘፋኝ ላይ በስምህ ክሌይም ይሄዳል፤ አከፋፋዩም አካውንትህን ሊዘጋው ይችላል።