«በሽታ አልተገኘም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ በዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። አበባው ወደ ቅጠልነት የተለወጠ የሰሊጥ ተክል መርምራ የጀርምን ዘረመል አባዝቶ የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ምንም ስላላሳያት፣ ለገበሬው «በሽታ አልተገኘም» ብላ ትጽፍ እንደሆነ ነበር የጠየቀችኝ። ለእሷ በአጭሩ መልሻለሁ፤ ሆኖም ጥያቄዋ ለብዙ ዓመታት ለማንም ያልነገርሁትን ጸጸት ስለቀሰቀሰብኝ ለሁላችሁም መጻፍ ወደድሁ።

እኔም ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ቃል ጽፌ ነበር። በዕድሜ የገፉ አንዲት ገበሬ ከሰሊጥ ማሳቸው ሁለት ተክል ነቅለው ይዘውልኝ መጡ። አበባ መሆን የሚገባው ሁሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ቅጠል ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ መጥረጊያ ተጨናንቋል፤ ፍሬ የሚባል አልያዘም። አብሬያቸው ወደ ማሳው ሄድሁ። እንዲህ የሆኑት ተክሎች ከሃያ አይበልጡም፤ አብዛኞቹም የቆሙት አረም በበዛበት የማሳው ዳር ነበር። ሴትዮዋ «ልጄ፣ ዛሬውኑ ነቅዬ ላቃጥላቸው፤ ሁልጊዜ ከዚህ ዳር ነው የሚጀምረው፤ ስነካቸው እየዘለሉ የሚሸሹ ትንንሽ ነፍሳትም አሉባቸው» አሉኝ። እኔም «እናቴ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አይንቀሏቸው» አልኋቸው። ይህን ያልሁት ለእሳቸው አስቤ አልነበረም፤ ተክሎቹን እስከ መጨረሻው ተከታትዬ መመዝገብ ስለፈለግሁ ነበር። የተማረ ሰው ቃል ነውና እሺ አሉኝ።

በሽታውን ቫይረስ ነው ብዬ ስለገመትሁ የታመመውን ቅጠል ጨምቄ ጭማቂውን በጤነኛ ችግኞች ቅጠል ላይ አሸሁ። ምንም አልታየም። ሙከራውን ደገምሁት፤ አሁንም ምንም የለም። በዚህ መካከል ስድስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ «ተላላፊ በሽታ አልተገኘም፤ የንጥረ ምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍሁና ወረቀቱን ራሴ ይዤላቸው ሄድሁ። ጤነኛው ሰሊጥ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ሲደርስ የታመመው ገና ለምለም ስለነበር ከሩቅ ይለያል፤ ያ አረንጓዴ ከዳሩ ተነሥቶ እስከ ማሳው መሐል ደርሶ ነበር። ወረቀቱን አነበብሁላቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «ማሳው ግን ታሟል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ያን ቀን ማታ ቀደም ሲል በችኮላ ያለፍሁትን አንድ አንቀጽ ፈልጌ አነበብሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዮጂ ዶይና ባልደረቦቹ በጃፓን የታመመ የሙልበሪ ዛፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ ቫይረስ ያመጣዋል ይባል በነበረው በሽታ ውስጥ የሕዋስ ግድግዳ የሌላቸው ጥቃቅን ባክቴሪያዎች አገኙ። ፋይቶፕላዝማ የሚለው ስም የወጣላቸው ቆይቶ በ1994 ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ስኳር በሚያመላልሰው የተክሉ ቱቦ፣ በፍሎየም ውስጥ ነው። ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግሯቸውም የዚያን ቱቦ ፈሳሽ የሚመጥጡ ነፍሳት፣ ከታመመ ተክል ተወስዶ የተተከለ ቁራጭ ወይም በሌላ ተክል ላይ የተጣበቀ ቅርንጫፍ፣ እንዲሁም ኩስኩታን የመሰለ ጥገኛ ሐረግ ናቸው። በጭማቂ ማሸት ግን አይተላለፉም። ስለዚህ የእኔ ሙከራ መቶ ጊዜ ቢደገም ያንኑ ባዶ ውጤት ይሰጠኝ ነበር፤ መልሱ ግን ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቀን ባሳዩኝ ነፍሳት ላይ ነበር።

ነፍሳቱ ጀርሙን ከመጠጡ በኋላ ወደ ሌላ ተክል ማስተላለፍ የሚችሉት በሰውነታቸው ውስጥ ተባዝቶ ምራቃቸው ሲደርስ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ያን ቀን ቢነቀሉም ኖሮ ጀርሙን ቀድመው የያዙ ነፍሳት ሌሎች ተክሎችን ማሳመማቸው አይቀርም ነበር እያልሁ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። አልተጽናናሁም።

ለምለምነቱ እንዳያታልላችሁ። ዛሬ እንደምናውቀው ፋይቶፕላዝማ ሳፕ54 የተባለውን የመሰለ ፕሮቲን ወደ ተክሉ ሕዋሳት እየላከ አበባን የሚሠሩትን የተክሉን ፕሮቲኖች ያፈርሳል፤ ተክሉ ለራሱ ዘር መስጠቱን ትቶ ለጀርሙና ለነፍሳቱ የሚመች ቅጠል ያበዛል። በ1997 ደግሞ ለጌጥ የሚሸጠው ፖይንሴቲያ ቅርንጫፉ በዝቶ የሚያምረው በፋይቶፕላዝማ ምክንያት እንደሆነ ታወቀ። ዜናውን ስሰማ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፖይንሴቲያ ነበረኝ፤ ስንት ዓመት አጠገቤ አስቀምጬ የታመመ መሆኑን አለማሰቤ እጅግ ደነቀኝ።

ናሙና ስለ መሰየምና ስለ ንጽሕና አልጽፍላችሁም፤ ተምራችሁታል። የማሳስባችሁ የዛሬ ወጣቶች ማሳ ሳትረግጡ መሣሪያ ፊት መቀመጥ ማብዛታችሁን ነው። ይህን ስል የእናንተ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ በሁለት ቀን እውነቱን ባወቅሁ ነበር፤ እኔም ማሳውን ረግጬ ሳለ አላየሁም። ስለዚህ ወቀሳዬ እኩሉ ለራሴ ነው።

ወደ ጥያቄዋ ስመለስ፣ ባዶ የፒሲአር ውጤት ተክሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ጀርሙ በተክሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ በተለይ በዛፎች ላይ በአንዱ ቅርንጫፍ ተገኝቶ በሌላው ሊጠፋ፣ መጠኑም ከወቅት ወቅት ሊለዋወጥ ይችላል። ከቅጠሉ ገላ ሳይሆን ፍሎየም ከሚበዛበት ከመሐል ጅማቱና ከቅጠሉ ዘንግ ቆርጣችሁ፣ ከተለያዩ ቅርንጫፎች ውሰዱ። ተክሉ ራሱ የሚያመነጨው ነገር ምርመራውን አለማገዱን ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ የቁጥጥር ናሙና አረጋግጡ፤ መጠኑ አነስተኛ ከሆነም ማባዛቱን በሁለት ዙር የሚያካሂደውን ኔስትድ ፒሲአር ሞክሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጤቱ ባዶ ከሆነ «በዚህ ናሙና ፋይቶፕላዝማ አልታየም፤ ምልክቱ ግን የፋይቶፕላዝማ ነው፤ የታመሙት ይነቀሉ፤ በማሳው ዳር ያለውም አረም ይጽዳ» ብላችሁ ጻፉ። የታመመ ተክል ታክሞ እንደሚድን ግን ለገበሬ ቃል አትግቡ። የሕዋስ ግድግዳን የሚያጠቃው ፔኒሲሊን ግድግዳ በሌለው ጀርም ላይ አይሠራም፤ ቴትራሳይክሊን የተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ምልክቱን ለጊዜው ይገታል እንጂ መስጠቱ ሲቆም በሽታው ይመለሳል።

በሚቀጥለው ዓመት ሰሊጡ ሲያብብ ወደ ሴትዮዋ ማሳ ተመለስሁ። በዳሩ ያለው አረም ታጭዷል፤ ከማሳው ውጭ የተነቀሉና የተቃጠሉ ጥቂት ተክሎች አመድ ይታያል። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ አልላኩም፤ ውጤትም አልጠበቁም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርተን ተለያየን።