ለምሁር የሚደረግ መታሰቢያ ለማን ነው?

ወንድሜ፣ «ሰውየው ካለፈ በኋላ ንግግርና አበባ ምን ይረባዋል? ገንዘቡ ለተቸገረ ተማሪ ቢሰጥ አይሻልም ወይ?» ብለሃል። እንደኔ መታሰቢያው ለሟቹ ብቻ አይደለም። እኛ ደሴ ተዝካር ወይም ሰደቃ ስናወጣ ዘመድ ይገናኛል፣ የተኳረፈ ይታረቃል። የምሁርም እንደዚያው ነው። ልጆቹ አባታቸው ለተማሪዎቹ ምን እንደነበረ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ያን ቀን ነው።

የታሪክ ምሁሩን ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድን ውሰድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝኛ ታተመ። የወሎን ዑለማ፣ ማለትም የእስልምና ሊቃውንት፣ ታሪክ ዓለም እንዲያነበው አደረጉ። ግን እዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ወጣት ታገኛለህ? እኔን ይህ ያንገበግበኛል። ወይዘሮ ስሕንን ግን ደሴ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ስማቸው ትምህርት ቤት ላይ አለ።

ለድንኳንና ለባነር የሚወጣው ብር ላይ ልክ ነህ፣ ይቀነስ። የተማሪ ድጋፉም በሟቹ ምሁር ስም ይሁን፤ ሁለቱ አይጣሉም። ከሁሉ በፊት ግን ሳጥን ውስጥ የቀረው ማስታወሻ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ በኪሎ ተሽጦ የሱቅ መጠቅለያ ሳይሆን ይሰብሰብ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ አለልን። ቤተሰቡ ከፈቀደ ሄዳችሁ ቤተ መጻሕፍቱን አነጋግሩ።