የኮምቦልቻው ሥራና የአንጎል ተቀባዮች ልኬት

ውድ ጠያቂ፣

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ተምረው እንደተመረቁ፣ በኮምቦልቻ አንድ የመድኃኒት ጅምላ አከፋፋይ ሊቀጥርዎ እንደፈቀደ፣ ልብዎ ግን በአንጎል ውስጥ ያሉ የዶፓሚን ተቀባዮችን በራዲዮሊጋንድ፣ ማለትም ተቀባዩን በሚይዝ ጨረር ባለው ውሕድ፣ ወደ መለካቱ እንዳዘነበለ ጽፈው፣ «ደሴ ላይ መሣሪያው ስለሌለ ሐሳቤን ልተወው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ግን በመጀመሪያ ያነበብሁት ከደብዳቤው ጋር ያያዙትን የስሌት ልምምድ ስለሆነ መልሴም ከዚያ ይነሣል።

በልምምዱ ትሪቲየም (ጨረር የሚሰጥ የሃይድሮጅን ዓይነት) ያለበት ራክሎፕራይድ፣ ማለትም የዶፓሚን ተቀባይን የሚይዘው ሊጋንድ፣ ከአይጥ አንጎል የሕዋስ ሽፋን ጋር ቆይቶ፣ በመስታወት ክር ማጣሪያ ተጣርቶና በቀዝቃዛ መፍትሔ ታጥቦ፣ የጨረር ቆጣሪው በደቂቃ 1500 ምልክት አሳይቷል፤ ጨረር የሌለው ሃሎፔሪዶል፣ ያንኑ ተቀባይ የሚይዝ መድኃኒት፣ በብዛት በተጨመረበት ቱቦ ደግሞ 390። ይህ 390 ከተቀባዩ ውጭ በሌላ ነገር ላይ የተጣበቀው ስለሆነ መቀነስዎ ተገቢ ነው። የቀረውን 1110 በቆጣሪው 50 በመቶ ብቃት አርመው 2220 ማግኘትዎ፣ በሚሊሞል 50 ኪዩሪ ጨረር ላለው ሊጋንድ አንድ ፌምቶሞል (እጅግ አነስተኛ የሞል ክፋይ) በደቂቃ 111 የአቶም ፍርሰት እንደሚሰጥ አስልተው 20 ፌምቶሞል ላይ መድረስዎ፣ ይህንንም ለ0.2 ሚሊግራም ፕሮቲን አካፍለው በሚሊግራም 100 ፌምቶሞል ማለትዎ እንከን የለውም።

ስሕተቱ ያለው «ስለዚህ የተቀባዮቹ ብዛት 100 ነው» ባሉበት ላይ ነው። የሊጋንዱ ክምችት ከኬዲው (Kd፣ ግማሾቹ ተቀባዮች የሚያዙበት ክምችት) ጋር እኩል መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል፤ በዚያ ክምችት ሊጋንዱ የሚይዘው ግማሾቹን ተቀባዮች ብቻ ስለሆነ ጠቅላላው 200 ነው። በአንድ ክምችት ብቻ የታየ ቅናሽ ተቀባዮቹ አንሰው ይሁን ለሊጋንዱ ያላቸው ቁርኝት ላልቶ መለየት ስለማይቻል፣ ከኬዲው በታች ተጀምሮ በብዙ እጥፍ እስኪበልጠው ድረስ በልዩ ልዩ ክምችት መለካት ግድ ይላል። ለሁለተኛ ዲግሪ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ በዚህ በኩል ቢጠየቁ አይደነቁ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ፤ ሥራውን ይቀበሉ። ትሪቲየም ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ነውና ጨረር ያለው ቆሻሻው በመደርደሪያ ላይ ቆይቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ፈቃድ፣ የጨረር ቆጣሪና አንጎሉን በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያቆይ ማቀዝቀዣም ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ አንድ ሰው በግል ጥረቱ አያሟላውም። በኮምቦልቻ ደመወዝ እየቆጠቡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር መዘጋጀት፣ ከዚያም ቆጣሪው ያለበትን ቤተ ሙከራ ለሦስተኛ ዲግሪ መፈለግ ይሻልዎታል። ለሚያመለክቱበት ቤተ ሙከራ ዛሬም በትሪቲየም ይሠሩ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ወደ ፍሎረሰንስ (በጨረር ፈንታ ብርሃን በሚሰጥ ቀለም መለካት) የተሻገሩ አሉና። እ.ኤ.አ. በ1973 ካንዳስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር የኦፒየም ተቀባይን ያሳዩት ግን በዚሁ በትሪቲየም፣ ተቀባዩን የሚይዘውን ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ይዘው ነበር።

እስከዚያው ደሴ ላይ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ከ100ዎ በታች ያለው አካፋይ ፕሮቲን ነው፤ በእውነቱ 0.2 የሆነውን በስሕተት 0.25 ብለው ቢለኩት 100ው 80 ይሆናል፣ እርስዎም ያልጠፋ ተቀባይ ጠፋ ብለው ይጽፋሉ። ፕሮቲንን በብራድፎርድ ዘዴ ለመለካት ደግሞ ስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መምጠጥን የሚለካ መሣሪያ)፣ ሰማያዊው ቀለም፣ መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ ፕሮቲንና ንጹሕ ፒፔት ይበቃሉ። የቀድሞ መምህርዎን የቅዳሜ ጠዋት ፈቃድ ይለምኗቸው፤ አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ለክተው ሦስቱ ቁጥሮች ተቀራርበው እስኪመጡ ይደጋግሙ።