የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የኦፕን ሽጉጥ፣ ቀይ ነጥብና አስቸጋሪ ካዝና

በዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ኦፕን ምድብ ነው። አይገርመኝም። በተግባራዊ ተኩስ ውድድር ሜዳ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ያ ሽጉጥ ነው፦ አፈሙዙ ላይ ኮምፐንሴተር የሚባል ጋዝ ማስወጫ ተገጥሞለት፣ አናቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ የማነጣጠሪያ መስታወት ቆሞበት፣ ከእጀታው ሥር ረጅም የጥይት ካዝና ወጥቶ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ በአሜሪካ ውድድሩን የሚመራው ዩኤስፒኤስኤ የተባለው ማኅበር ሽጉጦችን በምድብ ይከፍላል፤ ኦፕን ገደቡ ከሁሉም የላላበት ነው። የምመልሰው መሣሪያውን በሕግ ለያዘና በተኩስ ሜዳ ለሚጠቀምበት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ግሎክ 17 አለኝ። ቀይ ነጥብ አስገጥሜበት በኬሪ ኦፕቲክስ ምድብ እወዳደራለሁ። አሁን ኮምፐንሴተርና ረጅም ካዝና ጨምሬ ወደ ኦፕን ልግባ ብዬ አስቤአለሁ። ምን ላስቀድም?» — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ መግባቱስ ቀላል ነው። ኬሪ ኦፕቲክስ፣ ቀይ ነጥብ የሚፈቀድበት የተራ ሽጉጥ ምድብ፣ ኮምፐንሴተር ስለማይፈቅድ በገጠምክበት ዕለት የኦፕን ተወዳዳሪ ትሆናለህ። ችግሩ ከገባህ በኋላ ነው።

ኮምፐንሴተር የሚሠራው በጋዝ ነው። ጥይቱን ተከትሎ የሚወጣው ጋዝ ከውስጥ ግድግዳዎቹ ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ይተፋል፤ ሲተፋም አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። በቂ ጋዝ ካላገኘ በሽጉጥህ አፍ ላይ የተሰካ ተጨማሪ ክብደት ነው። ከሱቅ የምትገዛው ተራ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በአብዛኛው ፈጥኖ የሚነድ ጥቂት ባሩድ ስላለበት ለኮምፐንሴተሩ የሚተርፈው ጋዝ ትንሽ ነው። የኦፕን ተኳሾች ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በብዛት የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። በእነርሱ ሽጉጥ ላይ ተአምር የሚሠራው ኮምፐንሴተር ያንተ ላይ ሲገጠም የሚሰንፈውም ለዚሁ ነው።

ከዚያ ነጥብ አሰጣጡ ይመጣል። የጥይቱ ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተለክቶ ሁለቱ ይባዙና ለ1,000 ይካፈላሉ። በኦፕን 165 የደረሰ «ሜጀር»፣ ከዚያ በታች ሆኖ 125 የደረሰ «ማይነር» ይባላል። 115 ግሬን የሚመዝን ጥይት በ1,150 ጫማ ቢወጣ 132 ገደማ ነው፤ ማይነር። 124 ግሬን የሆነው ሜጀር ለመባል ቢያንስ 1,331 ጫማ መሄድ አለበት። በትልልቅ ውድድሮች ዳኞች ከጥይትህ ወስደው ይመዝናሉ፣ በፍጥነት መለኪያም ይተኩሳሉ፤ 165 ያልሞላ ወደ ማይነር ይወርዳል፣ 125 ያልሞላ ደግሞ ነጥብ አይያዝለትም።

ይህ በነጥብህ ላይ የሚያደርገውን ተመልከት። ዒላማው ላይ ኤ የሚባለውን ክልል ብትመታ በሁለቱም 5 ነጥብ ነው። ሲ ብትመታ ግን ሜጀር 4፣ ማይነር 3 ያገኛል፤ ዲ ለሜጀር 2፣ ለማይነር 1 ነው። ድምሩ በወሰደብህ ሰከንድ ይካፈላል። 24 ጥይት በሚጠይቅ መድረክ (አንድ የውድድር ክፍል) 20 ኤ እና 4 ሲ መትተህ በ15 ሰከንድ ብትጨርስ ማይነር 112 ነጥብ ይዞ 7.47 ያገኛል፤ ሜጀር 116 ይዞ 7.73። እኩል ፈጥነህ፣ እኩል መትተህ ወደ ኋላ ቀረህ ማለት ነው።

«እንግዲያው ሜጀር ጥይት እገዛለሁ» እንዳትለኝ። 9 ሚሊ ሜትር ሜጀር ከፋብሪካው መደበኛ ግፊት በላይ የሚሄድ ጥይት ነው፤ ለእርሱ ታስቦ ባልተሠራ ሽጉጥ ውስጥ ቀለህ ቢፈነዳ የሚያገኘው እጅህንና ፊትህን ነው። ግሎክህ ለዚያ አልተሠራም።

ስለዚህ ምን ላስቀድም ላልከው፣ ጥይትና ልምምድ አስቀድም። ኬሪ ኦፕቲክስ ጥሩ ተኳሾች የሞሉበት ምድብ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በማይነር ኦፕን መግባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ኦፕን ልብህ ውስጥ ከገባ ገንዘብህን አጠራቅመህ ከመነሻው ለዚያ የተሠራ ሽጉጥ ግዛ።

«ያገለገለ 2011 ዓይነት የኦፕን ሽጉጥ ገዝቻለሁ። ስተኩስ ቀይ ነጥቡ ይጠፋብኛል፤ ሲመለስ ደግሞ ካነጣጠርኩበት ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። እጄ ትንሽ ነው። ማነጣጠሪያውን ልቀይረው?» — ነርስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኅቴ፣ እስቲ ይቆዩ፣ ምንም አይቀይሩ። «ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ» ያሉት ብዙ ይናገራል።

በእጅዎ ያለው ሽጉጥ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ 1911 የተባለው ሽጉጥ ዘር ነው። ቨርጂል ትሪፕና ሳንዲ ስትሬየር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሽጉጡን አካል ከሁለት ከፈሉት፤ ላይኛው ብረት፣ እጀታው ፕላስቲክ ሆነ፤ ካዝናውም ጥይት በሁለት ረድፍ የሚይዝ ሆነ። በሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ትርጉሙ እጀታው በሌላ ሊለወጥ፣ ሊቀጥንም ይችላል ማለት ነው። ወደ እጅዎ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሜዳ ሲወጡ ዒላማ ሳይሰቅሉ ከፊትዎ ወዳለው የአፈር ክምር ይተኩሱ። ሁለቱንም ዓይን ከፍተው ነጥቡን ብቻ ይከተሉ። ነጥቡ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አጭር መስመር አስምሮ በዚያው መስመር ወደ ተነሳበት መውረድ አለበት። ሰያፍ ከሄደ ነገሩ ከአያያዝዎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የግራ እጅ ላልቷል። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሲመለስ ከመነሻው በታች ጠልቆ እንደገና ከተነሳ ግን የሞላው ጉዳይ ነው። ጠንካራ የመመለሻ ሞላ ስላይዱን፣ ሲተኮስ ከላይ የሚመላለሰውን ክፍል፣ በኃይል ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ስላይዱ ሲዘጋ አፈሙዙን ይዞት ይወርዳል። እርስዎ የጻፉት ይህንን ይመስላል። የቀድሞው ባለቤት ሽጉጡን «እንዳይጎዳ» ብሎ ጠንካራ ሞላ ከትቶበት ይሆናል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

በኦፕን ሽጉጦች ከ7 እስከ 9 ፓውንድ የሚደርስ ሞላ የተለመደ ነው። ያለውን ያስለኩና በአንድ ፓውንድ የሚያንስ ይሞክሩ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳዎት አያውቁም። ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ መቅረት ከጀመረ ከልክ በላይ አላልተዋል፤ አንድ ደረጃ ይመለሱ።

ማነጣጠሪያውን በተመለከተ፣ ከስላይዱ ጋር የሚሄድ ነው ወይስ በሽጉጡ አካል ላይ በብሎን የታሰረ? አካሉ ላይ የታሰረው ከስላይዱ ጋር ስለማይመላለስ ነጥቡ በቀላሉ ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ መሣሪያውም አይናወጥም። ጎን ለጎን ተኝቶ የሚታሰረውም ዓይነት ጥሩ ነው፤ ነጥቡን ወደ እጅ ያቀርበዋል፣ ባዶ ቀለህም በነፃነት ይወጣል። ነጥቡ 6 ወይም 8 ኤምኦኤ (የነጥቡ ስፋት መለኪያ) ቢሆን እመርጣለሁ። 8 የሆነው በ25 ያርድ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለዚህ ጨዋታ ዒላማ ከበቂ በላይ ጥራት ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው የለመደው ይህ ነጥብ ዱሮ እንደ አሻንጉሊት ይታይ ነበር፤ በ1990 ዳግ ኮኒግ አዴሌድ፣ አውስትራሊያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ ዓይነት ማነጣጠሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ወደ እጅዎ ስመለስ፣ ቃታው አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ሆኖ ይሸጣል፤ አጭሩን ያስገጥሙ። የጣትዎ ጫፍ ቃታው ላይ ሲያርፍ የእጅዎ መዳፍ ከእጀታው ጀርባ መላቀቅ የለበትም። የግራ አውራ ጣት ማሳረፊያም ለትንሽ እጅ ይጠቅማል። አንድ የሕግ ማሳሰቢያ፦ በሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መግዛትም መሸጥም ክልክል ነው፤ ተጨማሪ ካዝና ከመፈለግዎ በፊት ይህን ይወቁ።

«ጋሼ፣ ሽጉጤ በልምምድ ደህና ይተኩሳል፤ ውድድር ላይ ግን ጥይት እየተሰነቀረበት ይነክሳል። ጠጋኝ ጋ ወስጄው ምንም የለበትም አለኝ።» — ከሻርለት፣ ኖርዝ ካሮላይና

ጠጋኙ እውነቱን ነው፤ ሽጉጡን ብቻ አይቶ ከሆነ። ካዝናዎቹንስ አሳየኸው?

ሰው ለኮምፐንሴተር፣ ለቀለምና ለተቀረጸ ስላይድ ገንዘቡን ሲያፈስ አያለሁ፤ ስለ ካዝና ሲያወራ ግን አልሰማም። በኦፕን ካዝና እስከ 171.25 ሚሊ ሜትር እንዲረዝም ይፈቀዳል። በ9 ሚሊ ሜትር 28 ወይም 29 ጥይት ማለት ነው፤ ያንን ሁሉ የሚገፋው አንድ ቀጭን ሞላ ነው፣ ያውም ስላይዱ በዓይን በማይታይ ፍጥነት ሲመላለስ። ሞላው ትንሽ ከሰነፈ የሚቀጥለው ጥይት ሳይደርስ ስላይዱ ያልፋል። ከካዝናው አናት ላይ ጥይቱን የሚይዙት ሁለቱ ከንፈሮችም አሉ፤ ካዝናው ሞልቶ ድንጋይ ላይ በወደቀ ቁጥር ጥቂት ይከፈታሉ፤ ያኔ ጥይቱ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይወጣና በርሜሉ አፍ ላይ ይሰነቀራል። ውድድር ላይ የሚነክስህ ለዚህ ይመስለኛል፤ በልምምድ ካዝናህን ጠረጴዛ ላይ ታኖራለህ፣ በውድድር ግን እየሮጥክ አቧራ ላይ ትጥለዋለህ።

ካዝናዎችህን በቀለም ቁጥር ስጣቸው። ሽጉጡ በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና እንደነበረ ጻፍ። ሁልጊዜ ያው ቁጥር ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከንፈሮቹን በካሊፐር ለካና በደንብ ከሚሠራው ካዝና ጋር አስተያይ፤ በሚሊ ሜትር አሥረኛ የሚቆጠር ልዩነት ይበቃል። ሞላውን ለውጥ፤ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ዘይት አትቀባው፣ አቧራ ይሰበስባል። ከተጠገነ በኋላም የሚነክስ ካዝና ለልምምድ ብቻ ይሁን። አዲሱ ከ100 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ መጣሉ ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

«ቃታውን ቤት ውስጥ በሞረድ አለስልሼ ማቅለል እንደሚቻል ቪዲዮ አይቻለሁ። እርስዎ ብረት ቀራጭ ስለሆኑ ልጠይቅ ብዬ ነው።» — ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

በድሬዳዋ ምድር ባቡር ቶርኖ ቤት ነው ያደግሁት፣ አሁንም በፍሬዛ ማሽን እንጀራዬን እበላለሁ፤ የራሴን ቃታ ግን የሚያስተካክልልኝ የሽጉጥ ጠጋኝ ነው። ሞረድ የወሰደውን ብረት አይመልስም። መዶሻውን ደግኖ የሚይዘው ጫፍ የእህል ቅንጣት ያህል ነው፣ ላዩ ጠንክሮ የተሠራ ነው፤ ያንን ገጽ ስታነሳው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ከጥቂት ወራት በኋላ ይበላል። ያኔ መዶሻው ሳትነካው ይወርዳል፣ ወይም ቃታውን አንዴ ስበህ ሁለት ጥይት ይወጣል። የመጀመሪያው ከውድድር ያስወጣሃል፤ ሁለተኛው ከዚያ የከፋ የሕግ ጣጣ ያመጣብሃል። በኦፕን ብዙዎች ከ1.5 እስከ 2 ፓውንድ በሚሳብ ቃታ ይተኩሳሉ፤ ጠጋኝህን ሁለት ፓውንድ አድርግልኝ በለው፣ ይበቃሃል።

«ለገና አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ወንድሜ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ አምጪልኝ ብሎኛል፤ ባትሪና መስታወት ብቻ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?» — ከዳላስ፣ ቴክሳስ

አይክተቱት። የመሣሪያ ማነጣጠሪያ ከአሜሪካ ሲወጣ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ያለበት ዕቃ ነው፤ በኢትዮጵያ በኩልም የጦር መሣሪያን ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ወንድምዎ የሚፈልጉት ነገር ካለ በዚያው ፈቃድ ሰጪውን አካል ይጠይቁ። እርስዎ ቡናና በርበሬ ይዘው ይመለሱ።

«ጋሼ፣ በቤት ውስጥ ተኩስ ቦታ ኦፕን ሽጉጤን ስተኩስ አጠገቤ ያለው ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ሌላ መስመር ይሄዳል። ደግሞም አንዱ ሠራተኛ ተቆጣኝ።» — ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

ሰውየው አልተሳሳተም። አፈሙዝህን የሚጫነው ያው ጋዝ ወደ ላይና ወደ ጎን ሲወጣ ከተራ ሽጉጥ የበረታ ድምፅና የአየር ግፊት ይዞ ነው፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ከኮርኒሱና ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። አንዳንድ ቦታዎች ኮምፐንሴተር ያለበትን ሽጉጥ ጨርሶ አይፈቅዱም፤ ስልክ ደውለህ ጠይቅ። ከፈቀዱልህ ሰው በሌለበት የሥራ ቀን ሂድ፣ ጥጉን መስመር ያዝ። ጆሮህ ውስጥ የስፖንጅ መክተቻ አድርገህ ከላዩ የጆሮ ማፈኛውን ደርብበት፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። ልጅህን ይዘህ የምትሄድ ከሆነ የሕፃኑ ማፈኛ ጭንቅላቱን በደንብ የሚገጥም መሆኑን አስቀድመህ ቤት ውስጥ ሞክር፤ የአዋቂው ተለቅ ስለሚል በጉንጩ በኩል ክፍተት ይተዋል።