የቅጠሉን ብብት ሳታዩ ስም አትስጡ

ልጆቼ፣ ጣና ዳር ዕፅዋት ልትመዘግቡ እንደምትወጡ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ረግረጉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወጣት ሳለሁ ለትምህርት ሰሜን አውሮፓ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወሰዱን። የሰው ቁመት የሚያህል ሳር ቆሟል፤ አበባ ገና አላወጣም። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፣ ሸምበቆ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሳልጠጋ «ሸምበቆ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ምንም አላሉም። አንዱን ቅጠል ይዘው ከአገዳው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሳቡት። ቅጠሉና አገዳው በሚለያዩበት ብብት ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነጭ ሽፋን ቆማለች። ሸምበቆ ቢሆን እዚያ ቦታ አጫጭር የጸጉር ረድፍ ነበር የሚኖረው። ፋላሪስ አሩንዲናሴያ የሚባለው የሰሜን አገር ሳር ነበር። መዝገቤን ሰረዝኩ። እስከ ዛሬ ያች ሽፋን በዓይኔ ላይ ናት።

ሁለቱም ውኃ ይወዳሉ። ሁለቱም መሬት ውስጥ በሚሄድ ግንዳቸው ከዓመት ዓመት ያቆጠቁጣሉ። ሸምበቆ እስከ 4 ሜትር ይመዘዛል፣ ፋላሪስ 2 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ግን ቁመትን አትመኑ። ለጋ ሳሉ እኩል ናቸው።

ጣና ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ሣር ይመስላል እንጂ ሣር አይደለም። አገዳውን በጣታችሁ አዙሩት፤ ሦስት ማዕዘን ነው፣ አንጓም የለውም። የሣር አገዳ ክብ ነው፣ አንጓ አለው። ልጃገረዶቻችን በጳጉሜ የሚነቅሉት እንግጫም የደንገል ዘመድ ነው። እህቶቻችሁ ሲጎነጉኑት ስንቴ አይታችኋል፤ አገዳውን ግን ማን ዳሰሰው?

ስልካችሁን አልነቅፍም፣ እኔም ይዣለሁ። ግን ከሩቅ የተነሣ ፎቶ ብብቱን አያሳይም። ሙሉውን ተክል አንሡ፤ ከዚያ ቅጠሉን ሳብ አድርጋችሁ መጋጠሚያውን፣ ሥሩን፣ ካለም አበባውን አንሡ። ታንኳ የሚሠሩትንም አባቶች ስሙን ጠይቁና እንደነገሯችሁ ጻፉ። እነሱ የቱ ውኃ ላይ እንደሚቆይ፣ የቱ ቶሎ እንደሚበሰብስ በእጃቸው ያውቁታል።

አጉሊ መነጽር የሌላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ብቅ በሉ። ሁለት አለኝ።